በብዕር የሚሠሩ የድሮ ታብሌቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአይፓድ በፊት ስለነበሩት ባለ ብዕር ኮምፒውተሮች ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እነሆ፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በብዕር የሚሠራ ታብሌት ሲባል ምን ማለት ነው?

ስክሪኑ ላይ በልዩ ብዕር እየነኩና እየጻፉ የሚሠሩበት ኮምፒውተር ነው። ኪቦርድ የለውም፤ ካለውም ተነቃይ ወይም ተጣጣፊ ነው። ብዕሩ ቀለም የለውም፣ ጫፉ ፕላስቲክ ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 2000ዎቹ መገባደጃ ድረስ ታብሌት ሲባል በአብዛኛው ይሄ ነበር።

አሁን ኪሳችን ውስጥ ካሉት የሚለየው በዋናነት በጣት ነው። ብዙዎቹ የድሮ ታብሌቶች ጣትን ጭራሽ አያውቁትም። ዛሬ አንዱን ለልጅ ብትሰጡት ስክሪኑን ሁለት ሦስቴ ይጠርግና “ተበላሽቷል” ብሎ ይመልስላችኋል።

የመጀመሪያው የትኛው ነው?

“የመጀመሪያው” የሚለው ቃል ሁሌም ጭቅጭቅ አለው። ላይነስ ራይት ቶፕ የሚባል ማሽን በ1987 ገበያ ላይ ወጥቶ ነበር። ሥራ ላይ ውሎ ስም ያወጣው ግን ግሪድፓድ ነው። ግሪድ ሲስተምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1989 አወጣው፤ ያመረተው ሳምሰንግ ነው። ክብደቱ ሁለት ኪሎ ገደማ፣ ስክሪኑ ባለ አንድ ቀለም፣ ውስጡ የሚሠራው ኤምኤስ ዶስ የተባለው የማይክሮሶፍት የድሮ ሲስተም ነበር። ብዕሩ እንዳይጠፋ በገመድ ታስሯል፤ ባንክ ቤት ጠረጴዛ ላይ እንደሚታሰረው እስኪርቢቶ ማለት ነው። ዋጋው ያለ ሶፍትዌር 2,370 ዶላር።

የነደፈው ጄፍ ሆኪንስ ይባላል። ይህን ስም ያዙት፤ ወደ ታች እንመለስበታለን።

ለዚያ ሁሉ ብር ማን ነበር የሚገዛቸው?

ቆመው የሚሠሩ ሰዎች አሠሪዎች። ላፕቶፕ ስሙ እንደሚለው ጭን ይፈልጋል፤ ካልሆነ ጠረጴዛ። የመጋዘን ቆጣሪ፣ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ፣ የተጋጨ መኪና የሚገምት የኢንሹራንስ ሠራተኛ፣ ከአልጋ አልጋ የምትዞር ነርስ፣ እነዚህ ጭንም ጠረጴዛም የላቸውም። ላፕቶፕ በአንድ ክንድ ታቅፎ በሌላው እጅ መተየብ ደግሞ የሲኒ ትሪ ይዞ ቡና እንደመቅዳት ነው። ይቻላል፤ ግን ምን ያህል ጊዜ?

ሂሳቡ ይገባችሁ ዘንድ ከዚያ በፊት የነበረውን አስቡ። ሠራተኛው ባለመቆንጠጫ ሰሌዳ ይዞ ይወጣል። ፎርሙን በእስኪርቢቶ ይሞላል። ዝናብ ይነካዋል፣ ይታጠፋል። ማታ ቢሮ ያስገባዋል። በማግስቱ ሌላ ሰው ተቀምጦ ያንኑ ኮምፒውተር ላይ ይተይባል። ያቺ 1 ናት ወይስ 7? ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ ይገመታል። አንድ መረጃ ሁለቴ ተጽፎ፣ ሁለቴ ለስህተት ተጋልጦ፣ ሁለት ደመወዝ ተከፍሎበታል። ታብሌቱ ሁለተኛውን ትየባ አስቀረ። በሺዎች የሚቆጠር ፎርም በየሳምንቱ ለሚሰበስብ ድርጅት 2,370 ዶላሩ ቶሎ ይመለሳል። ግሪድፓድን ከገዙት አንዱ የአሜሪካ ጦር ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ ሕዝብ ያየው ግን ዩፒኤስ የተባለው የአሜሪካ ዕቃ አድራሽ ኩባንያ ሾፌሮች ሰሌዳ ነው። ኩባንያው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዲያድ የተባለ መሣሪያ አደላቸው። የራሱ ቁልፎችና ፊርማ መቀበያ መስኮት አለው። እንደ ሙሉ ታብሌት ላይቆጠር ይችላል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው። ዕቃ ተቀባዩ በር ላይ ቆሞ ፕላስቲክ ላይ ይፈርማል። ፊርማው የራሱን አይመስልም፣ ዶሮ የጫረችው ነገር ይሆናል። ቢሆንም “ማን ተቀበለው?” ለሚለው ጥያቄ መልሱ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ።

ለምን ብዕር? ጣት አይበቃም ነበር?

ያኔ የነበሩት ፕሮግራሞች ለማውስ የተሠሩ ናቸው። መዝጊያዋ ምልክት የሩዝ ፍሬ ታክላለች። በጣት ብትነኩ አጠገቧ ያለውን ነው የምታገኙት። ሹል ጫፍ የግድ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ጓንት ነው። በብርድ፣ በፋብሪካ፣ በሆስፒታል የሚሠራ ሰው ጓንት ያጠልቃል። የዛሬዎቹ ስክሪኖች ተራ ጓንት ሲያዩ ዝም ይላሉ፤ የያኔዎቹ ብዕር እስከተያዘ ድረስ ጓንት ግድ አልነበራቸውም። ሦስተኛው ልማድ ነው። ፎርም የሚሞላው በእስኪርቢቶ ነው፤ ፊርማም እንደዚያው። ኪቦርድ የሚያስፈራው የሃምሳ ዓመት ሠራተኛ ብዕር ሲሰጡት ሥልጠና አይጠይቅም።

ብዕሩ ባትሪ የለውም። ታዲያ እንዴት ይሠራል?

ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ግፊት የሚያነብ ስክሪን ነው። ሁለት ስስ ንጣፎች በጥቂት ክፍተት ተደራርበዋል። ስትጫኑ ይነካካሉ፤ ማሽኑም የተነካኩበትን ቦታ ያሰላል። በምንም ብትጫኑት ይሠራል፦ በብዕር፣ በጥፍር፣ በእስኪርቢቶ ክዳን። ርካሽ ነው። ችግሩ መዳፍ ነው። ለመጻፍ እጃችሁን ስታሳርፉ መዳፋችሁንም ብዕር ነው ብሎ ያስባል። ስለዚህ እጅን አንጠልጥሎ መጻፍ ነው፤ ክንድ ይገድላል።

ሁለተኛው የጃፓኑ ዋኮም የሚታወቅበት ዘዴ ነው። ከስክሪኑ ጀርባ የሽቦ መረብ አለ። መረቡ ደካማ መግነጢሳዊ ምልክት ይልካል። ብዕሩ ውስጥ ያለች ትንሽ ጥቅል ሽቦ ያንን ተቀብላ ትነቃለች፣ መልሳም ትልካለች። ኃይሏን የምታገኘው ከስክሪኑ ስለሆነ ባትሪ አያስፈልጋትም። ብዕሩ መስታወቱን ሳይነካ ገና ጠጋ ሲል ጠቋሚው ይከተለዋል። መዳፍ ደግሞ ጥቅል ሽቦ ስለሌለው አይታይም፤ ደልደል ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ክፉው ነገር ያቺ ብዕር ከጠፋች ሌላ ምንም አይተካትም።

የእጅ ጽሕፈት እውነት ያነቡ ነበር?

እንደ ጽሕፈቱ ነው። ግሪድፓድ የሚያነበው ተለያይቶ የተጻፈ ፊደልና ቁጥር ነበር። ፎርሙ ላይ ሳጥን አለ፤ በየሳጥኑ አንድ ፊደል። ተያይዞ የተጻፈ አይሞክርም። በዚህ ልኩን ማወቁ ነው ያዋጣው። አብዛኛው የመስክ ሥራ ደግሞ ድርሰት አይደለም። ራይት ምልክት ማድረግ፣ ከዝርዝር መምረጥ፣ ቁጥር መጻፍ፣ መፈረም፣ አለቀ።

ኒውተን የተባለው የአፕል የእጅ ኮምፒውተር ግን በ1993 ሲወጣ እንደፈለጋችሁ ጻፉ፣ እኔ እለምደዋለሁ ብሎ ቃል ገባ። የሚሠራው ቃሉን ከውስጥ መዝገበ ቃላቱ ጋር በማመሳከር ነበር። ቃሉ መዝገቡ ውስጥ ከሌለ አልገባኝም አይልም፤ የሚመስለውን ሌላ ቃል ያስቀምጣል። ለቢሮ ማስታወሻ የሰው ስም ስትጽፉ የሚመጣውን አስቡት። ጋዜጦችና የቴሌቪዥን ቀልደኞች ተቀባበሉት። በ1996 የወጣው ሁለተኛው ሶፍትዌር በጣም ተሻሽሎ ነበር። ግን ስም አንዴ ከጠፋ ጠፋ። አፕል በ1998 አቆመው።

ጄፍ ሆኪንስ ነገሩን ገለበጠው። ማሽኑ የሰውን ጽሕፈት ከሚማር ሰው ትንሽ የማሽን ጽሕፈት ይማር አለ። ግራፊቲ የተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ፊደል ብዕር ሳያነሱ በአንድ ጭረት የሚጻፍ አደረገው። ለምሳሌ ትልቁ ‘ኤ’ መሐሉ ላይ ያለችውን አግዳሚ መስመር አጣ። ሰው በአጭር ጊዜ ይለምደው ነበር። በዚህ ነው በ1996 የወጣው ፓልም ፓይለት የተባለው የሆኪንስ የኪስ ኮምፒውተር የተሸጠው። ሆኪንስ ማሽኑ ከመሠራቱ በፊት ልኩን የሚያህል እንጨት ቆርጦ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር። ስብሰባ ላይ ያወጣውና እንደጻፈበት ያስመስላል። ለእኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከዚያች እንጨት የሚበልጥ ብልሃት የለም።

አማርኛስ?

አያነቡም ነበር። ዊንዶውስ ራሱ የግዕዝ ፊደል ይዞ የመጣው ከቪስታ ጀምሮ፣ በ2007 ነው። ከዚያ በፊት ፓወር ግዕዝንና መሰሎቹን እየጫንን ነው የኖርነው። ፊደሉን ማሳየት የማይችል ማሽን እንዴት ያነበዋል?

ቢሞክሩ እንኳ ቀላል አይሆንም ነበር። እንግሊዝኛ 26 ፊደል አለው፤ ትልቁንና ትንሹን ብትቆጥሩ 52። የእኛ 33 በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ የሚለያዩት በአንዲት ቅጥያ ነው። የ ሉ መስመር ትንሽ ካጠረች ለ ሆነች። ሰ ላይ አናቷን ትንሽ ጫር ካደረጋችሁ ሸ ናት። ሰው በዐውዱ ይረዳዋል፤ የያኔው ማሽን ጭረቱን ብቻ ነው የሚያየው። እኔ አንድ አሮጌ ታብሌት ላይ “ሰላም” ብዬ ጽፌለት የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ቀላቅሎ መለሰልኝ። ሦስቴ ሞከርኩ። ሦስቴም የተለያየ ነገር።

ቲንክፓድ መጀመሪያ ታብሌት ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። አይቢኤም በ1992 ቲንክፓድ የሚለውን ስም መጀመሪያ የለጠፈው በብዕር የሚሠራ ታብሌት ላይ ነው። ስሙ የመጣው “አስብ” የሚል ቃል በሽፋኑ ላይ ከታተመበት የሠራተኞቹ የኪስ ማስታወሻ ደብተር ነው። ታብሌቱ ተረሳ፣ ስሙ ጥቁሮቹ ላፕቶፖች ላይ ቀረ።

ባትሪያቸውና ክብደታቸውስ?

ከባድ ነበሩ። ሁለት ኪሎ ጠረጴዛ ላይ ምንም አይደለም። በግራ ክንድ ታቅፋችሁ አንድ ሰዓት ቁሙ፣ ከዚያ እናውራ። ባትሪው ጥቂት ሰዓት ነው የሚቆየው፤ ስለዚህ ሠራተኛው መለዋወጫ ይይዛል። አንዳንዶቹ ውስጣቸው ሌላ ትንሽ ባትሪ ነበራቸው፤ ዋናውን ስትቀይሩ ማሽኑ ሳይጠፋ እንዲጠብቅ። ይህን ዛሬ በተለመደው የሺህ ዶላር ታብሌት ላይ አታገኙትም።

ፀሐይ ላይ ደግሞ የድሮዎቹ ባለ አንድ ቀለም ስክሪኖች የተሻሉ ነበሩ ብል አትደነቁ። የፀሐዩን ብርሃን መልሰው ያንጸባርቃሉ፤ ደማቅ ፀሐይ ይጠቅማቸዋል። በቀለም የመጡት ተከታዮቻቸው ውጭ ሲወጡ ጥቁር መስታወት ሆኑ።

ጎ ኮርፖሬሽን ምን ነካው?

በ1987 እነ ጄሪ ካፕላን ያቋቋሙት ኩባንያ ነው። ፔንፖይንት የተባለ ለብዕር ብቻ የታሰበ ሲስተም ሠሩ። ስክሪኑ ደብተር ይመስላል፣ ጎኑ ላይ የክፍል ምልክቶች አሉት። ቃል ለመሰረዝ ኤክስ ታደርጉበታላችሁ፤ ለማረም ትከቡታላችሁ። መምህር ደብተር ሲያርም እንደሚያደርገው። እስከዛሬ ካየኋቸው ሁሉ ለብዕር የሚገባውን ክብር የሰጠ ሲስተም እሱ ይመስለኛል።

ግን ማሽኖቹ ውድ፣ ዘገምተኛና ከባድ ነበሩ። ማይክሮሶፍት በ1992 ለዊንዶውስ 3.1 የብዕር ማሟያ አወጣ። ገዢው ታዲያ የሚያውቀውን ዊንዶውስ ልጠብቅ አለ። በ1993 ኢኦ የሚባል፣ ስልክና ፋክስ ሊገጠምለት የሚችል ማሽን በፔንፖይንት ሲወጣም የሸመተው ጥቂት ነው። ጎ ኮርፖሬሽንን የጠቀለለው የአሜሪካ ስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ በ1994 ሁሉንም ዘጋው። እነዚህ ሰዎች ለመስክ ሠራተኛ ብቻ ቢሸጡ ኖሮ ይተርፉ ነበር የሚል ግምት አለኝ። እነሱ የፈለጉት ግን ሥራ አስኪያጁን ነበር፤ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ጠረጴዛ አለው፣ ጸሐፊም አለችው።

ቢል ጌትስ ታብሌት ዓለምን ይወርሳል ብሎ አልነበር?

ብሎ ነበር። በ2001 በኮምዴክስ ኤግዚቢሽን ላይ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ በአሜሪካ ከሚሸጡት ኮምፒውተሮች ዋነኛው ታብሌት ይሆናል ሲል ተነበየ። የዊንዶውስ ኤክስፒ ታብሌት እትም በኅዳር 2002 ወጣ። የማሽኖቹ ዋጋ ከእኩያቸው ላፕቶፕ ይበልጣል። ሲስተሙ ያው ዊንዶውስ ነው፤ በላዩ ብዕር ተጨምሮበት። ፕሮጀክቱን ከመሩት አንዱ ዲክ ብራስ በ2010 እንደጻፈው፣ የኦፊስ ክፍሉ ኃላፊ ፕሮግራሞቹን ለታብሌት አስተካክሎ ለመሥራት ፈቃደኛ አልነበረም። በራስ ቤት ካልተወደዱ ገበያ ላይ ማን ይወዳል?

ትንቢቱ ከሸፈ እንጂ ማሽኖቹ አልሞቱም። ሆስፒታል ገቡ፣ ፖሊስ መኪና ውስጥ ገቡ። በ2007 ሞሽን የተባለው ኩባንያ ከኢንቴል ጋር ሆኖ ለነርሶች ያወጣው ታብሌት ጥሩ ምሳሌ ነው። እጀታ አለው። በጀርም ማጥፊያ ይወለወላል። ባር ኮድ ያነባል፣ ካሜራ አለው። ክብደቱ 1.5 ኪሎ ገደማ ነው። ሥራውን አይቶ የተሠራ ማሽን እንዲህ ነው።

አይፓድ ነው የገደላቸው?

ግማሹን። ስቲቭ ጆብስ በ2007 አይፎንን ሲያስተዋውቅ ስክሪን ላይ መጻፊያ ብዕር የሚፈልግ ማን ነው ብሎ ተሳለቀ። በ2010 አይፓድ በጣት ብቻ መጣ፣ ቀለል ብሎ፣ ረከስ ብሎ። ለተራው ተጠቃሚ ነገሩ አለቀ። ይሁንና ሳምሰንግ በ2011 በጋላክሲ ኖት ያወጣው ብዕር የዋኮም ዘዴ ነው። አፕልም በ2015 የራሱን ብዕር ሸጠ።

ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ በታብሌት ተሞክሯል?

በብዕር ሳይሆን በጣት ዘመን ነው የደረስነው። ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ታብሌቶች ተገዝተው ነበር። ቆጠራው ደጋግሞ ተራዘመ፤ ጥፋቱ ግን የታብሌት አልነበረም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤተሰብ መዝገብ ከወረቀት ወደ ታብሌት እንዲገባ የተጀመረውም ሥራ አለ። ቤት ለቤት የምትዞረው ሠራተኛ ከ1989ዋ ቆጣሪ አንባቢ የተለየ ችግር የለባትም፦ ፀሐይ፣ ባትሪ፣ ክብደት፣ ሁለቴ መጻፍ።

ሀብታም አገርም ቢሆን ያቅተዋል። አሜሪካ ለ2010 ቆጠራዋ በእጅ የሚያዝ ኮምፒውተር ለማሠራት ወደ 600 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ውል ገብታ ነበር። በ2008 ለዋናው የቤት ለቤት ጥያቄ ወደ ወረቀት እንመለስ ተባለ። መሣሪያዎቹ የቀሩት ለአድራሻ ማጣሪያ ብቻ ነው።

አንድ አሮጌ ታብሌት አግኝቻለሁ። ዛሬ ለምን ይሆናል?

መጀመሪያ ብዕሩ አብሮት እንዳለ እዩ። እኔ የደረሰኝ ዘመዴ ሜሪላንድ ውስጥ ከአሮጌ ዕቃ ሽያጭ በአሥር ዶላር የገዛልኝ ነው። የብዕሩ ጉድጓድ ባዶ። ኤክስፒ ተነሳና ኮንትሮል፣ አልት፣ ዲሊት ተጫን አለኝ። ኪቦርድ የለም። በጣቴ ብነካው፣ በጥፍሬ ብነካው፣ በእስኪርቢቶ ክዳን ብነካው ምንም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው ጠርዙ ላይ ምስር የምታህል ቁልፍ ያየሁት፤ ለዚሁ ብቻ የተሠራች ናት። ብዕሩን ደግሞ ከሌላ ድርጅት ማሽን ተውሼ አገኘሁ። የዋኮም ዘዴ የሚጠቀሙት ብዙ ጊዜ ይዋዋሳሉ፤ ዘዴው ከተለያየ ግን አትድከሙ።

ብዕሩ ከተገኘ በኋላ ጠቋሚው ትንሽ ወደ ጎን ቢሸሽ አትደንግጡ። ማስተካከያ ፕሮግራም አለ፤ ማዕዘኖቹ ላይ መስቀል ያሳያችኋል፣ አንድ በአንድ ትነካላችሁ። ስትነኩ ሥራ ላይ በምትይዙበት አኳኋን ያዙት። መስታወቱ ወፍራም ስለሆነ ከላይ ስታዩና ከጎን ስታዩ ነጥቡ ይለያያል።

ከኢንተርኔት ጋር አታገናኙት፤ የደኅንነት ማሻሻያ ካቆመ ቆይቷል። ሥዕል ለመለማመድ፣ ማስታወሻ ለመጻፍ፣ ስካን የተደረገ መጽሐፍ ለማንበብ ይበቃል። ባትሪው ካበጠ ግን አትሞክሩት፣ አውጡት።

ከሁሉ በፊት ዲስኩን አጥፉ። እነዚህ ማሽኖች የሠሩት ሆስፒታልና ኢንሹራንስ ቤት ነው። የእኔ ውስጥ አንድ ፎልደር ነበር። ስከፍተው ግማሽ ድረስ የተሞላ የሕመምተኛ ፎርም አገኘሁ። ከታች በኩል የተንቀጠቀጠ ፊርማ። ስሙን ሳላነብ ዘጋሁትና ዲስኩን ያን ቀን ማታውኑ ደመሰስኩት።